ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ገንዘብ ያዥ ሆኜ ያየሁት

እ.ኤ.አ. በ2022 አንዲት የሰፈራችን ልጅ ለሜሪላንድ ስቴት ምክር ቤት ስትወዳደር ገንዘብ ያዥዋ ነበርኩ። አላሸነፈችም። ስሟን አልጠራም፣ የተወዳደረችበትንም ዲስትሪክት አልናገርም። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው ብል ይበቃል። ከዚያ ወዲህ «ልወዳደር አስቤያለሁ» የሚሉ ወጣቶች ይደውሉልኛል። ስለ ንግግር፣ ስለ ፖስተር፣ ስለ ፌስቡክ ይጠይቁኛል። ስለ ደረሰኝና ስለ መራጮች ዝርዝር የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር።

ጊዜው ተስፋ የሞላበት ነበር። በ2018 አሌክሳንደር አሰፋ ከላስ ቬጋስ ለኔቫዳ ምክር ቤት ተመረጠ። በ2019 ግርማይ ዛሂላይ ሲያትልን በሚያጠቃልለው ኪንግ ካውንቲ ለረጅም ዓመታት ወንበሩን የያዙትን ሰው አሸንፎ የካውንቲው ምክር ቤት ገባ። በ2020 ደግሞ አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆኑት ሳምራ ብሩክ ከሮቸስተር አካባቢ ተመርጣ ኒውዮርክ ሴኔት ደረሰች። በየሬስቶራንቱ «እኛስ እዚህ ስንት ሆነን አንድ ሰው እናጣለን?» ይባል ጀመር።

በ2021 መጀመሪያ ላይ አሌክሳንደር አሰፋ ከምክር ቤቱ ለቀቀ። ፖሊስ ስለ ምርጫ ገንዘብ አጠቃቀሙና ስለ መኖሪያ አድራሻው እየመረመረ ነበር። ይህን ያነሳሁት በሰውየው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ልጅቷ ቢሮዬ የመጣችው በዚያ ዜና ሰሞን ስለሆነ ነው። እኔ የምተዳደረው በታክስ ሥራ ነው። «ጋሼ፣ ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ፤ ገንዘቡን ግን እርስዎ ይያዙልኝ» አለችኝ። በእድርም በቤተክርስቲያንም ገንዘብ ያዥ ሆኜ አውቃለሁና ከዚያ አይከብድም ብዬ እሺ አልኩ።

ብዙ ሰው የስቴት ምክር ቤትን ከኮንግረስ ጋር ያምታታዋል። የሜሪላንድ ምክር ቤት ያለው አናፖሊስ ነው። ስቴቱ በ47 ዲስትሪክቶች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) ይልካል። በድምሩ 188 ሰው ማለት ነው። በየዓመቱ ከጃንዋሪ ጀምሮ 90 ቀን ይሰበሰባሉ። የዚያን ጊዜ የዴሌጌት ደመወዝ በዓመት 50 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ አካባቢ ኪራይ ከፍሎ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው አይበቃም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ያ ሥራ ደግሞ በየዓመቱ ሦስት ወር የሚለቅ መሆን አለበት። ልወዳደር የምትል ልጅ ሆይ፣ ከሁሉ በፊት አለቃሽን አነጋግሪ። ባል ካለሽ ደግሞ ከአለቃሽም በፊት እሱን።

ሁለተኛው ነገር፣ አንድ ዶላር ከመቀበላችሁ በፊት ኮሚቴው መመዝገብ አለበት። ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ሜሪላንድ ውስጥ የተመዘገቡ መራጮች መሆን አለባቸው። ተወዳዳሪዋ ራሷ ገንዘብ ያዥ መሆን አትችልም። ለብቻው የባንክ ሂሳብ ይከፈታል። «አሁን በእኔ ሂሳብ ይግባ፣ በኋላ እናስተላልፈዋለን» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እሺ እንዳትሉት። ሪፖርት ከዘገየ ቅጣቱ ገንዘብ ያዡንም በግሉ ይነካዋል፤ ይህን ጓደኛችሁን ሹመት ከመስጠታችሁ በፊት ንገሩት።

ሌላም አለ። በሜሪላንድ ሕግ በእያንዳንዱ የቅስቀሳ ወረቀት ላይ የኮሚቴውና የገንዘብ ያዡ ስም መታተም አለበት። በአማርኛ ባዘጋጀነው ፍላየር ግርጌም ስሜ አለ። አንድ ቀን እንጀራ ልገዛ ገብቼ አንዲት እናት «እንኳን ደስ ያለህ ልጄ፣ ልትወዳደር ነው አሉ» አሉኝ። አይ እኔ አይደለሁም ብላቸው «ታዲያ ስምህ ምን ይሠራል?» አሉ። ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የእኛ ሰው ለጋስ ነው። ግን አሰጣጡን የለመደው ከቤተክርስቲያንና ከማኅበር ነው። የመጀመሪያው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽታችን ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር። አስተናባሪው ደስ ብሎት ማንም ሳይነግረው ድፎ ዳቦውን ለጨረታ አወጣ። እንደምታውቁት ጨረታ ሲጋጋል ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ይፎካከራል፣ አሥር ሰው ካሽ ያዋጣል፣ አንዱ ተነስቶ «የዚህ ጠረጴዛ!» ይላል። የማን ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ለቤተክርስቲያን ግንባታ ይህ በጣም ጥሩ ነው። ለምርጫ ግን እያንዳንዱ ዶላር ስምና አድራሻ ይፈልጋል። ካሽ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ አይወሰድም። ማይክሮፎኑን ተቀብዬ ጨረታውን አስቆምኩ። ሙዚቃው ሳይቀር ጸጥ አለ። የዚያን ምሽት ያህል በሰው ዓይን ተጠልቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚገጥመኝ ነገር ይኸው ነበር። «ስሜ አይጻፍ፣ ቀኝህ የሠራውን ግራህ አይወቅ ነው የሚለው» ይላል አንዱ። ጥሩ ክርስቲያን ነው፤ ግን ስሙ ካልተጻፈ ገንዘቡን መቀበል አልችልም፣ ከተጻፈ ደግሞ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ያየዋል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። አገር ቤት ንግድ ያለውና ስሙ በፖለቲካ ጉዳይ እንዲነሳ የማይፈልግ ሰው አለ፤ ምክንያቱን አትጠይቁት፣ በሰላም ሸኙት። ሌላው «ግማሹን በእኔ፣ ግማሹን በወንድሜ ስም ጻፈው» ይላል። ይህ በፍጹም አይሆንም፤ በሌላ ሰው ስም መስጠት ወንጀል ነው። አንድ ሰው ለአንድ ተወዳዳሪ በአራት ዓመቱ የምርጫ ዘመን ሊሰጥ የሚችለው እስከ 6 ሺህ ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገንዘብ መስጠት ይችላል። ለልጇ ምርቃት በቪዛ የመጣች እናት አትችልም። ከአዲስ አበባ የሚላክ ገንዘብም አይቻልም፣ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም።

ምግብም ገንዘብ ነው። አንድ የሬስቶራንት ባለቤት የምሽቱን ምግብ ሙሉ በሙሉ በነጻ አቀረበልን። ስንት እንደሚያወጣ ጽፈህ ፈርምልኝ ስለው ተቀየመኝ። «ምግብ አብልቼ ሂሳብ ልጻፍ?» አለ። የዶሮ ወጡና የክትፎው ዋጋ እንደ ልገሳ ተቆጥሮ ሪፖርት ውስጥ እንደሚገባ እስኪረዳልኝ ብዙ ቡና ጠጣን። ከእንግዲህ ለሚወዳደር ሰው ምክሬ ይህን ጉዳይ ምግቡ ከመሠራቱ በፊት ጨርሱት የሚል ነው። ወጡ ከተበላ በኋላ ወረቀት ማውጣት በእኛ ባህል ነውር ነው።

አንድ ሽማግሌ ሦስት መቶ ዶላር ካሽ በፖስታ አሽገው ሰጥተውን ነበር። መመለስ ነበረብኝ። ቤታቸው ሄጄ ቁጭ ብዬ አስረዳሁ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉኝ። ከሳምንታት በኋላ ቼክ ይዘው ቢሮዬ መጡ። «ልጄ አነበበልኝ፣ እውነትህን ነው» አሉ። እንዲህ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። የቀረው ተቀይሞ ይቀራል፤ ይህንን ከወዲሁ ተቀበሉት።

የቤተክርስቲያኑ ነገርም እንዲሁ ነው። ከግብር ነጻ የሆነ የእምነት ተቋም ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ለይቶ አንድን ተወዳዳሪ እንዳይደግፍ የፌዴራል የታክስ ሕግ ይከለክላል። አባታችን ከቅዳሴ በኋላ «ልጃችንን ምረጡ» ሊሉልን ፈልገው ነበር። ለምነን አስተውናቸው። በምትኩ ለማንም ክፍት የሆነ የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛ በሩ አጠገብ እንዲቆም ፈቀዱ። ከሁሉ የጠቀመን እሱ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የተጀመረው ዘግይቶ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከስቴቱ የምርጫ ቦርድ የመራጮችን ዝርዝር መግዛት ይቻላል። ዝርዝሩን ገዛንና አዳራሹን ከሞላው ሰው ጋር አስተያየነው። ልጅቷ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ከአሌክሳንድሪያና ከፎልስ ቸርች የመጡት ቨርጂኒያ ናቸው፤ አይመርጡም። የዲሲዎቹም አይመርጡም። ሜሪላንድ ከሚኖሩት ውስጥ ብዙዎቹ መንገድ ተሻግረው ሌላ ዲስትሪክት ውስጥ ናቸው። ከቀሩት ገና ግሪን ካርድ ላይ ያሉ አሉ። ዜጋ ሆነው የተመዘገቡትን ስናይ ደግሞ በርካታዎቹ የፓርቲውን ቦታ ባዶ ትተውታል።

የመጨረሻው ነው የጎዳን። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት በሞንጎመሪ ካውንቲ የዴሌጌት ወንበር በተግባር የሚወሰነው በዲሞክራቶች ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩዎቹን በሚመርጥበት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነው። በሜሪላንድ ፕራይመሪ ደግሞ ዝግ ነው፤ በዲሞክራትነት ካልተመዘገብክ በዚያ ምርጫ ድምፅ አትሰጥም። ሰው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ወይም ሲያሳድስ የፓርቲ ጥያቄ ይመጣለታል። የእኛ ሰው ዘልሎት ያልፋል። አልፈርድበትም። በቀይ ሽብር ዘመን ወንድሙን ያጣ ሰው የፓርቲ ስም አጠገብ ስሙን አስቀምጥ ሲባል እጁ አይታዘዝለትም። ከእሱ በኋላ የመጣውም የየራሱ ምክንያት አለው። ስለዚህ «ፓርቲ ቀይሩ» ብሎ ፍላየር መበተን ዋጋ የለውም። አንድ በአንድ ሳሎን ገብቶ ቡና እየጠጡ፣ ይህ አባልነት እንዳልሆነ፣ መዋጮም ስብሰባም እንደሌለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሊያነሱት እንደሚችሉ ማስረዳት ያስፈልጋል። የመቀየሪያው ጊዜ ከምርጫው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይዘጋል። በምርጫው ዕለት አዲስ መራጭ መመዝገብ ይችላል፤ የተመዘገበ ሰው ግን ፓርቲ መቀየር አይችልም። ይህ ሥራ ከምርጫው አንድ ዓመት ቀድሞ መጀመር አለበት። ጨረታውም፣ ባንዱም፣ ቲሸርቱም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ስለ ግሪን ካርድ ደግሞ በጣም አደራ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለስቴት ምክር ቤት መምረጥ አይችልም። መዝገብ ላይ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ላይ በስህተት ምልክት ያደረገና ድምፅ የሰጠ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያጣና ከአገር ሊባረር ይችላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ታኮማ ፓርክ ከተማ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማው ምርጫ እንዲሳተፉ መፍቀዷ ነው። ያ ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። «ባለፈው መርጬ አይደል?» ብሎ የመጣ ሰው አጋጥሞናል። ለአንድ ድምፅ ብላችሁ የሰው ኑሮ እንዳታበላሹ።

ምርጫው መጀመሪያ የተያዘው ለጁን 28 ነበር። የዲስትሪክቶቹ ወሰን በአዲሱ ቆጠራ መሠረት ሲሠራ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰና ፕራይመሪው ወደ ጁላይ 19 ተዛወረ። የታተመው ፍላየር ሁሉ የጁን ቀን ይዞ ሣጥን ውስጥ ቀረ። ወረቀቱ ቀላል ነው፤ ጁላይ ግን ሐበሻ አገር ቤት የሚሄድበት ወር ነው። ትምህርት ተዘግቷል፣ ትኬት ተቆርጧል። የእኛ ደጋፊ በጁላይ አጋማሽ ቦሌ ነው ያለው። ስለዚህ ቅስቀሳችን «ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት የፖስታ ድምፅ መስጫ ጠይቁ» ወደሚል ተለወጠ። በስምንቱ የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ቀናት ውስጥ መምረጥም ይቻላል። ትኬት ስትቆርጡ የምርጫውን ቀን ተመልከቱ።

ወረቀቱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። በእኛ ካውንቲ ድምፅ መስጫው የሚታተመው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ በአማርኛ የለም። ስሞች የሚደረደሩት በመጨረሻው ስም ፊደል ተራ ነው። ሁላችንም የምናውቃት በራሷ ስም ነውና ሽማግሌዎቹ ከላይ ሲፈልጓት እሷ በአያቷ ስም ታች ናት። ናሙናውን እያሳየን አስለመድናቸው። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግረው ሰው የፈለገውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል፤ ልጁም ቢሆን። የማይፈቀደው አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ነው። ይህን መብት የማያውቅ ብዙ ወላጅ አለ፤ አፍሮ ቤቱ ይቀራል።

አንድ መራጭ እስከ ሦስት ዴሌጌት መምረጥ ይችላል። ሦስት የግድ አይደለም። ወንበሩን የያዙት ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ቡድን ሠርተው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ በአንድ ወረቀት ላይ ፎቷቸውን ያወጣሉ። አዲስ ሰው የሚጋፋው ሦስት ሰው ነው። ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ «ለእሷ ብቻ ስጡ፣ ሁለቱን ባዶ ተዉ» እንበል አሉ። ሕጋዊ ነው፤ ሒሳቡም ያስኬዳል። እሷ ግን አልፈለገችም። በየበሩ «ሁላችሁንም ልወክል ነው» እያለች እየለመነች በጓዳ እንዲህ ማለት ከበዳት። እኔ ብሆን እል ነበር። እስከ ዛሬ በዚህ እንከራከራለን።

በየበሩ ስል፣ እዚያ ነው ብቃቷን ያየሁት። የዲስትሪክቱ አብዛኛው መራጭ ሐበሻ አይደለም። በየፕራይመሪው ሳያሰልሱ የሚመርጡት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። በሩን ከፍተው ስለ አውቶቡስ መስመር፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጣራ ይጠይቋታል። ስለ ኢትዮጵያ የጠየቃት የለም። ስለ ኪራይ ስትናገር ድምፅዋ ይለወጥ ነበር፣ ምክንያቱም ራሷ ተከራይ ናት። ጸደዩን በየአዳራሹ ባናሳልፈው ኖሮ ስንት በር ይንኳኳ ነበር እላለሁ።

በምርጫው ምሽት ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ሰው መጽናኛ ይልክ ጀመር። ግን የፖስታው ድምፅ ቆጠራ የሚጀምረው ገና ሐሙስ ነበር፤ ቀናት ፈጀ። በዚያው ፕራይመሪ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ውድድር ድጋሚ ተቆጥሮ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ32 ድምፅ ብቻ ነው። የእኛ እንዲያ የቀረበ አልነበረም። ከሦስቱ ውስጥ አልገባችም፤ ያም ሆኖ ያገኘችው ድምፅ ከሐበሻው ቁጥር በብዙ ይበልጣል።

ሲያልቅ የማያልቀው የእኔ ሥራ ነው። ሂሳቡ ዜሮ እስኪሆንና ዕዳ እስኪጸዳ ሪፖርት ይቀጥላል። ምንም ባይገባ ምንም ባይወጣም «ምንም የለም» ብሎ ሪፖርት ማድረግ ግዴታ ነው። ከራሷ ለኮሚቴው ያበደረችው ገንዘብ ነበር። የተሸነፈ ሰው ገንዘብ ማሰባሰብ አይችልም፣ ማንም አይመጣለትም። ስለዚህ ያ ገንዘብ አልተመለሰላትም። በቤት ዋስትና ተበድሮ መወዳደር የሚያስብ ካለ እባካችሁ አትሞክሩት። የጠፋ ብላችሁ የምትችሉትን ብቻ አግቡ።

ስለ ቀጣዩ ከጠየቃችሁኝ፣ በቀጥታ ለዴሌጌት መነሳት አንዱ መንገድ ነው፤ ከባዱ ደግሞ እሱ ነው። በዚያው የፕራይመሪ ወረቀት ላይ ማንም ልብ የማይለው የፓርቲው የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ምርጫ አለ። አንድ ዴሌጌት ወይም ሴናተር በመሃል ሲለቅ ተተኪውን የሚጠቁመው ያ ኮሚቴ ነው፤ የስቴቱ ገዢ ይሾማል። ዛሬ አናፖሊስ ካሉት ጥቂት የማይባሉት መጀመሪያ የገቡት በሹመት ነው። ልጅቷ አሁን የኮሚቴውን ስብሰባ ትከታተላለች፣ የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ውስጥም ትሠራለች። በየወሩ ቅዳሜ ደግሞ በቤተክርስቲያኑ በር ያለው የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ሌላ ገንዘብ ያዥ ፈልጊ ብያት ነበር። ደረሰኝ አያያዝ የሚያውቅ ወጣት አገኘች፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ቡና አቀርባለሁ፣ ስለ ፓርቲው ጥያቄም ሽማግሌዎቹን አነጋግራለሁ።